ልጁ ውሃ ካበዛ፣ ሽንት ካበዛ፣ ከከሳ፦ ዛሬውኑ ስኳሩን አስለኩ

ያደግኩት አብነት ነው። ግቢያችን ውስጥ ኳስ ከተባለ ምሳውን ትቶ የሚሮጥ የ9 ዓመት ልጅ ነበር። አንድ ክረምት ላይ ውሃ ማብዛት ጀመረ። ጆግ ሙሉ ውሃ ይጨርስና እንደገና ይቀዳል። እናቱ “ሩጫው ነው” አለች። ቀጥሎ ሌሊት አልጋ ላይ መሽናት ጀመረ። እህቶቹ ሳቁበት፣ እሱ አፈረ፣ እናቱ ደግሞ ማታ ማታ ውሃ ከለከለችው። ከዚያ ሱሪው ከወገቡ ላይ አልቆም አለ። “ትል ነው” ተባለና የትል መድኃኒት ዋጠ።

በሦስተኛው ሳምንት ያስመልሰው፣ ሆዱንም ይቆርጠው ጀመር። በአቅራቢያው ወዳለ ክሊኒክ ወሰዱት። “ታይፎይድና ታይፈስ አለበት” ተባለ። ትንሽ አቅም እንዲያገኝ ብለው ግሉኮስ ሰኩለት። በማግስቱ ጠዋት ቢጠሩት ቢነቀንቁት አልነቃም። ሆስፒታል ሲደርስ ነርሷ ጣቱን ወጋ አድርጋ አንድ ጠብታ ደም ለካች። መሣሪያው ቁጥር አልሰጠም፤ “ሃይ” ብሎ ጻፈ። ስኳሩ መሣሪያው ማንበብ ከሚችለው በላይ ነበር ማለት ነው።

ልጁ ተርፏል። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ሰው ያልጠየቀው ጥያቄ ነበር፦ “ስኳሩ ተለክቷል?”

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጥያቄ ነው። ታናሽ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

■ ልጆችን የሚይዘው ስኳር ምንድን ነው?

ከጨጓራችን ጀርባ ቆሽት የሚባል አካል አለ። ቆሽት ኢንሱሊን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። የኢንሱሊን ሥራ ከምግብ ያገኘነውን ስኳር ከደም ወደ ሴሎቻችን ማስገባት ነው። በልጆችና በወጣቶች ላይ በብዛት በሚታየው ዓይነት 1 ስኳር፣ የሰውነት የራሱ የበሽታ መከላከያ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሴሎች ያጠቃቸዋል። ኢንሱሊን ያልቃል። ስኳሩ ደም ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል፤ ሰውነት ግን እየተራበ ነው።

ምልክቶቹ ሁሉ የሚመጡት ከዚህ ነው፦

• የደም ስኳር 180 ሚሊግራም በዴሲሊትር አካባቢ ሲያልፍ ኩላሊት መያዝ ያቅተውና ስኳሩን በሽንት ያስወጣል። ስኳሩ ሲወጣ ውሃ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ልጁ ሽንት ያበዛል።
• ብዙ ስለሸና ይጠማዋል። ጥማቱ የመጣው ከሽንቱ ነው እንጂ ሽንቱ ከጥማቱ አይደለም። ውሃ መከልከል ድርቀቱን ያባብሳል።
• ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ስላልቻለ ስብና ጡንቻውን ያቃጥላል። ልጁ እየበላ ይከሳል።
• ስብ ሲቃጠል ኬቶን የሚባል አሲድ ይፈጠራል። ይሄ ሲበዛ ደሙ አሲዳማ ይሆናል፤ ሐኪሞች “ዲኬኤ” ይሉታል። ልጅን የሚገድለው ይህ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። ዓይነት 1 ስኳር ከረሜላ በመብላት አይመጣም። ተላላፊ አይደለም። እርግማን አይደለም። የእናትም ጥፋት አይደለም። በቤተሰቡ ውስጥ አንድም የስኳር ሕመምተኛ የሌለበትን ልጅ ይይዛል።

■ 4ቱ ምልክቶች

1. ሽንት ማብዛት። በተለይ አልጋ ላይ መሽናት አቁሞ የነበረ ልጅ እንደገና ከጀመረ ትልቅ ደወል ነው።
2. የማይረካ ጥማት።
3. እየበሉ መክሳት።
4. ድካም። ጨዋታ የሚወድ ልጅ መቀመጥ ያበዛል፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል።

ከነዚህ በላይ የሚከተሉት ከታዩ “ነገ እናሳየዋለን” አይባልም፤ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው፦

• ተደጋጋሚ ማስመለስ እና የሆድ ቁርጠት
• ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ ሳይሮጥ የሮጠ መምሰል
• የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶንን የሚመስል የትንፋሽ ሽታ። አሴቶን ራሱ ከኬቶን ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ሽታው የሚመሳሰለው በአጋጣሚ አይደለም።
• መደንዘዝ፣ መፍዘዝ፣ አልነቃ ማለት

■ ለምን ይሳሳታሉ?

ምልክቶቹ እኛ አገር የለመድናቸውን በሽታዎች ስለሚመስሉ ነው። ማስመለሱና የሆድ ቁርጠቱ ታይፎይድ፣ የጨጓራ ሕመም ወይም የምግብ መመረዝ ይመስላል። ፈጣን አተነፋፈሱ ሳንባ ምች ይመስላል። መክሳቱ ትል ወይም ቲቢ ይመስላል። በቆላ አካባቢ ደግሞ ሁሉም ነገር መጀመሪያ ወባ ነው። ኢንፌክሽን ራሱ ዲኬኤን ሊቀሰቅስ ስለሚችል ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊኖሩ ይችላሉ። “ታይፎይድ ተገኝቷል” መባሉ ስኳር የለበትም ማለት አይደለም።

መለያው ቀላል ነው። በማስመለስ ወይም በተቅማጥ ፈሳሽ ያጣ ልጅ ሽንቱ ይቀንሳል። ከንፈሩ ደርቆ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ግን ሽንቱ ከበዛ፣ ያኔ ስኳርን ጠርጥሩ።

■ ግሉኮስ ከመሰካቱ በፊት

እኛ ጋ ሰው ሲደክመው “ግሉኮስ ይሰካለት” ማለት የተለመደ ነው። ግሉኮስ ማለት ስኳር ነው። ደሙ ውስጥ ስኳር ሞልቶ ላለ ልጅ ያለ ኢንሱሊን ስኳር መጨመር እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው። በዲኬኤ ሕክምና ውስጥም ግሉኮስ የሚሰጥበት ሰዓት አለ፤ ግን ኢንሱሊን ከተጀመረና ስኳሩ ከወረደ በኋላ፣ በሐኪም ክትትል ነው። መጀመሪያ የሚሰጠው ጨው ያለበት ፈሳሽ ነው።

ስለዚህ ማንኛውም ክሊኒክ ውስጥ፣ ለማንኛውም ለደከመ ልጅ፣ ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳታፍሩ በሉ፦ “ይቅርታ፣ ግሉኮስ ከመሰካቱ በፊት ስኳሩን ለኩልኝ።” ባለጌ አያስብላችሁም። የጣት ምርመራው ከ1 ደቂቃ በታች ነው የሚፈጀው።

■ ቁጥሩን እንዴት ላንብበው?

• ምልክት ያለበት ልጅ በማንኛውም ሰዓት ተለክቶ 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው።
• ምግብ ሳይበላ (ቢያንስ 8 ሰዓት ጾሞ) 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነም እንዲሁ። ግን ምልክት ያለበትን ልጅ “ነገ ሳይበላ ይምጣ” ብሎ ማሳደር አይገባም፤ እዚያው ይለካ።
• ኤች.ቢ.ኤ.1.ሲ የሚባለው ምርመራ የ3 ወር አማካይ ያሳያል። 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ የስኳር ሕመም መኖሩን ይጠቁማል።

በጣት ምርመራ ከፍ ያለ ልጅ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይላካል። “እስኪ ሳምንት ደግመን እንየው” የሚባል ነገር የለም።

■ ኢንሱሊን፦ ከሞት ፍርድ ወደ ኑሮ

ከ100 ዓመት በፊት ይህ በሽታ ለልጅ የሞት ፍርድ ነበር። በጥር 1922 እ.ኤ.አ. ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ሌናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ በሞት አፋፍ ላይ ሳለ ኢንሱሊን ተወጋ። የመጀመሪያው መርፌ በደንብ ያልተጣራ ስለነበር ብዙም አልሠራም። ከ12 ቀን በኋላ የተጣራው ተሰጠው፤ ስኳሩ ወረደ፣ አቅም አገኘ፣ ከዚያ በኋላም 13 ዓመት ኖረ። ፈልሳፊዎቹ የባለቤትነት መብቱን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በ1 ዶላር ነው የሸጡት፤ ለሁሉም ሰው እንዲዳረስ ብለው። ከነሱ አንዱ ፍሬድሪክ ባንቲንግ የተወለደበት ኖቬምበር 14 ዛሬ የዓለም የስኳር ቀን ሆኖ ይከበራል።

አሁን ወደሚያመው እንምጣ። በ2022 እ.ኤ.አ. በላንሴት የሕክምና መጽሔቶች በአንዱ የወጣ ጥናት፣ በ10 ዓመቱ ዓይነት 1 የተገኘበት ልጅ ከዚያ በኋላ በአማካይ ስንት ዓመት እንደሚኖር አስልቷል። በሀብታም አገሮች 65 ዓመት። በድሃ አገሮች 13 ዓመት። በሽታው አንድ ነው፣ መድኃኒቱም አንድ ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው በጊዜ መታወቁ፣ ኢንሱሊኑ ሳይቋረጥ መገኘቱና መለኪያው ነው።

■ ኢንሱሊን በእኛ ቤት

መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ግን ስሌቱን ማወቅ ቤተሰብን ያነቃል። ብዙ ልጆች በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከግማሽ እስከ 1 ዩኒት ያስፈልጋቸዋል፤ በጉርምስና ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። የተለመደው የ10 ሚሊሊትር ብልቃጥ 1,000 ዩኒት ይይዛል። 25 ኪሎ የሚመዝን፣ በቀን 25 ዩኒት የሚወጋ ልጅ በስሌት 40 ቀን ይበቃዋል። ግን የተከፈተ ብልቃጥ ከ4 ሳምንት በኋላ ስለሚጣል “ወር አንድ” ብላችሁ ያዙ። ደግሞ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ቢያንስ 2 ሳምንት ሲቀረው ፈልጉ፤ ፋርማሲ ውስጥ “አልቋል” የሚባልበት ቀን አለና።

• ፍሪጅ ለሌለው ቤት፦ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። እየተሠራበት ያለው ግን ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ በክፍል ሙቀት 4 ሳምንት ይቆያል። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በሰሜን ኬንያ ስደተኞች መጠለያ ሙቀት ልክ ሞክረው፣ በ25 እና 37 ዲግሪ መካከል ለ4 ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን እንዳላጣ በ2021 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። የአዲስ አበባ አየር ከዚያ በጣም ይሻላል። ቆላ ላላችሁ እርጥብ አሸዋ በመካከሉ ያለበት ድርብ የሸክላ ማሰሮ ይረዳል።
• በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ይጣላል። ቢቀልጥም አይመለስም።
• ደመና የሚመስለው ኢንሱሊን በሁለት መዳፍ መካከል ቀስ ብሎ ይንከባለላል እንጂ አይናጥም።
• መርፌው ሆድ፣ ጭን፣ ክንድ፣ መቀመጫ ላይ እየተፈራረቀ ነው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከተወጋ ቆዳው ያብጥና ኢንሱሊኑ በአግባቡ አይሰርግም።
• ልጁ ቢታመምና ባይበላም ኢንሱሊን ፈጽሞ አይቋረጥም። ሕመም ራሱ ስኳር ይጨምራል። መጠኑ ሊስተካከል ይችላል፤ ማቆም ግን ወደ ዲኬኤ ይወስዳል። ቶሎ ብላችሁ ለሐኪሙ ደውሉ።

■ ስኳር ሲወርድስ?

ኢንሱሊን በዝቶ፣ ምግብ ዘግይቶ ወይም ልጁ ብዙ ሮጦ ስኳሩ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይነጫነጫል፣ ነገር ይምታታበታል። አስተማሪ “ባለጌ” ሊለው ይችላል።

ነቅቶ ከሆነ፦ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ (“ዜሮ” የሚለው አይሆንም)። 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ለኩ፣ ካልተነሳ ድገሙ። ሲስተካከል ዳቦ ወይም እንጀራ ይብላ።

ራሱን ከሳተ፦ አፉ ውስጥ ምንም አታፍስሱ፤ ይታነቃል። በጎኑ አስተኝታችሁ ወደ ሆስፒታል።

■ ጸበል፣ ጾም እና ኢንሱሊን

ይሄን ጉዳይ ማለፍ አይቻልም። ልጃቸውን ይዘው ጸበል የሄዱና “ድኗል” ብለው መርፌውን ያቆሙ ቤተሰቦች ታሪክ ብዙዎቻችን ሰምተናል። በተለይ በሽታው በታወቀ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ሕክምና ከተጀመረ በኋላ ቆሽት ለጥቂት ጊዜ የማገገም ምልክት ያሳያል፤ የኢንሱሊን ፍላጎቱ በጣም ይቀንሳል። ሐኪሞች “የጫጉላ ጊዜ” ይሉታል። መዳን ይመስላል፤ ግን ያልፋል። በዚህ ጊዜ ያቆመ ልጅ ወደ ዲኬኤ ይመለሳል።

እምነትና መድኃኒት አይጣሉም። በኤችአይቪ ጊዜ ተመሳሳይ ጭንቀት ነበር፤ ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናግረዋል። ለስኳርም ያው ነው፤ ጸበሉን ጠጡ፣ መርፌውንም ተወጉ። ጾምን በተመለከተ፣ የዐቢይ ጾምም ሆነ ረመዳን፣ ከሐኪማችሁና ከሃይማኖት አባታችሁ ጋር ሳትመክሩ በራሳችሁ አትጀምሩ።

■ ስኳር ያለባችሁ ወጣቶች፣ ይሄ ለናንተ ነው

ጉርምስና ላይ ሌሎች ሆርሞኖች ኢንሱሊንን ስለሚቃወሙት ስኳራችሁ ይዘበራረቃል። ሰነፍ ስለሆናችሁ አይደለም። ለመክሳት ብላችሁ ኢንሱሊን አትዝለሉ፤ ዓይንና ኩላሊትን የሚያስከፍል ነገር ነው። አልኮል ከሰዓታት በኋላ፣ ተኝታችሁ እያለ፣ ስኳር ሊያወርድ ይችላል። ከጓደኞቻችሁ ቢያንስ አንዱ ስኳር እንዳለባችሁ ይወቅ፤ ወድቃችሁ ቢያገኛችሁ “ሰክሯል” ብሎ እንዳያልፋችሁ። ቦርሳችሁ ውስጥ ከረሜላ አይጥፋ። የጤፍ እንጀራ አልተከለከለም፤ መጠኑንና ሰዓቱን ማወቅ ነው። መማር፣ ስፖርት መሥራት፣ ማግባት፣ መውለድ ይቻላል።

አስተማሪዎችም ስሙ፦ ስኳር ያለበት ልጅ ሽንት ቤት ለመሄድ ወይም ክፍል ውስጥ ለመብላት ሲጠይቅ ፍቀዱለት።

■ ከጎንደር ገጠር የመጣ ጥያቄ

ስኳር የሀብታም በሽታ ነው የሚለው አባባል ስህተት መሆኑን ካሳዩት መካከል የኛው ሰዎች ይገኙበታል። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ላይ፣ በኢትዮጵያ ገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙ ሕመምተኞች ድሃ፣ ቀጫጫ፣ አብዛኞቹም ወንድ ገበሬዎች መሆናቸውን ጽፈው ጠየቁ፦ በምግብ እጥረት የሚመጣ የስኳር ዓይነት ይኖር ይሆን? የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት በ1985 ተቀብሎት በ1999 ከዝርዝሩ አውጥቶት ነበር። በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን “ዓይነት 5” ብሎ እውቅና ሰጠው።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ዓይነት 2 አለ። ከመጠን በላይ ውፍረት ባለባቸው ታዳጊዎች ላይ ይታያል። አንገት ዙሪያ ታሽቶ የማይለቅ ጥቁረት ካያችሁ እድፍ አይደለም፤ ኢንሱሊን በአግባቡ እየሠራ እንዳልሆነ ሊጠቁም ይችላል። ተመርመሩ።

■ ሌሎች የሆርሞንና የሜታቦሊዝም ችግሮች፣ ባጭሩ

• ታይሮይድ፦ ሲያንስ ልጁ ይቀዘቅዛል፣ ያንቀላፋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ቁመቱ ይቆማል። ሕፃን ሲወለድ ጀምሮ ካለና በጊዜ ካልታከመ አእምሮን ይጎዳል። አዮዲን ያለው ጨው ተጠቀሙ፤ እንቅርትን የሚከላከለው እሱ ነው።
• ሪኬትስ፦ በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንት ይለሰልሳል፣ እግር ይጎብጣል። እዚሁ አዲስ አበባ በዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው የተሠራና በ1997 እ.ኤ.አ. በላንሴት የወጣ ጥናት፣ ሳንባ ምች በያዛቸው ሕፃናት ላይ ሪኬትስ የመገኘቱ ዕድል 13 እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። “ቡዳ ያይብኛል” ብላችሁ ሕፃኑን ሸፍናችሁ ከፀሐይ አትደብቁት።
• ቶሎ ወይም ዘግይቶ መጎርመስ፦ ሴት ልጅ ከ8 ዓመት በፊት፣ ወንድ ከ9 ዓመት በፊት ከጀመሩ ይታዩ። ሴት እስከ 13፣ ወንድ እስከ 14 ምንም ምልክት ከሌላቸውም እንዲሁ።
• ቁመት፦ በየ6 ወሩ ግድግዳ ላይ ምልክት አድርጉ። ምልክቱ ካልተንቀሳቀሰ ሐኪም ይየው።

■ ወዴት ልሂድ?

ለመጀመሪያው የጣት ምርመራ የሠፈራችሁ ጤና ጣቢያ፣ ክሊኒክ ወይም መለኪያ ያለው ፋርማሲ ይበቃል። ለአብነትና ለልደታ አካባቢ ሰዎች ባልቻ ሆስፒታል ቅርብ ነው። ጥቁር አንበሳ ደግሞ የሆርሞን ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚከታተል ክሊኒክ አለው። ልጁ ከደከመ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ጥሩ። ስትመዘገቡ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ለልጆች በነፃ የሚሰጥ ኢንሱሊን አለ ወይ? የጤና መድናችንስ ይሸፍናል ወይ? በ1984 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበርም አለ፤ እንደናንተ ያሉ ቤተሰቦችን የምታገኙበት ነው።

የግቢያችን ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። ኳሱን አልተወም፤ ሜዳ ዳር የሚያስቀምጣት ትንሽ ቦርሳ ውስጥ መለኪያና ከረሜላ አለ። የሱ ዕድል ግን የሁሉም ልጅ አይደለም።

ስለዚህ አራቱን ቃላት ያዙ፦ ሽንት፣ ጥማት፣ መክሳት፣ ድካም። እና አንድ ጥያቄ፦ “ስኳሩ ተለክቷል?”

ለአንድ እናት፣ ለአንድ አስተማሪ፣ ለአንድ የክሊኒክ ባለሙያ ሼር አድርጉላቸው።